ዘጠኝ ነገር የተጫነበት ጁስ

በእኛ አገር ምክር መጠየቅ ቀላል ነው። መመለስ ነው የማይቻለው። የጠበበ ጫማ ለባለሱቁ ይመለሳል። ተጨቃጭቃችሁም ቢሆን ይመለሳል። ከጎረቤት የተቀበላችሁትን ምክር ግን፣ በተለይ ቤታችሁ ለቅሶ ቤት ከሆነ፣ ትውጡታላችሁ። እኔ በገበቴ ነው የዋጥኩት።

ነገሩ የመጣው በጁስ ነው። በሚጠጣው አይደለም። በሚበላው።

ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ዓረብ አገር ሦስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ፣ ሻንጣዋ ሲከፈት ሰፈርተኛው ወርቅ ጠብቆ ነበር። የወጣው ብሌንደር ነው። ብሌንደርና ሰማያዊ አበባ ያለበት አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ተጠቅልለው። እዚሁ መካነ ሰላም፣ ገበያው አጠገብ ጁስ ቤት ልትከፍት ነበር። እዚያ ትሠራላቸው የነበሩት እመቤት ጠዋት ጠዋት የሚበሉትን እኛንም ልታበላን። ሙዝና ማንጎ ይቀዘቅዛል፣ ይፈጫል፣ እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ ሳህን ላይ ይደረጋል። ከዚያ ላዩ ላይ የሚበላ ነገር ይደረደራል። ስሙ ረጅም የፈረንጅ ስም ነው። እኛ ቤት የሳህን ጁስ ተባለ።

"ጁስ ይበላል እንዴ?" አሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘምዘም፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው። "ጥርስ ለሌለው ነው?"

"ጥርስ ላለው ነው እትዬ። ላዩ ይንኮሻኮሻል" አለቻቸው ሰዓዳ።

"እኔ ጥርሴን ለቆሎ ነው የማስቀምጠው" አሉና አንገታቸውን መለሱ።

ሰዓዳ ሳቀች። ማታውን እኔን አስቀምጣ አስተማረችኝ፤ ጁስ ቤቱ ሲከፈት ረዳቷ መሆኔ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ካልመጣልኝ ወዲህ ቤት ውስጥ ያልረዳሁት ሰው አልነበረም።

"ታችኛውን ማንም ይፈጨዋል" አለችኝ። "ሙያው ላዩ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ታደርጋለህ። አንድ የሚንኮሻኮሽ፣ አንድ የሚጣፍጥ፣ አንድ ጉልበት የሚሰጥ። ከሦስት ካለፈ ሳህን መሆኑ ቀርቶ ገበያ ይሆናል።"

በላዩ ጉዳይ እህቴን መጠራጠር አይቻልም። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ትምህርት ነው። ልጆች ሆነን ገንፎ ሲቀርብ መሃሉ ላይ ያለውን ቅቤ የምትጨርሰው እሷ ነበረች። "ትልቅ ላዩን ይበላል" የሚል ሕግ አወጣች። ሕጉ ሲወጣ እኔ አልተጠራሁም። እኔ የተጠራሁት ዳር ዳሩን እንድበላ ነው። ዓረብ አገር ስትሄድ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እያለቀስኩ ሸኝቻት ስመለስ ያሰብኩት ስለ ቅቤው ነው። ተራዬ ደረሰ ብዬ። እናቴ ግን ገንፎ ባቀረበች ቁጥር ቅቤውን በማንኪያ ወደ ዳር ትገፋና፣ "ላዩ የሰዓዳ ነው" ትላለች። ከዚያ ራሷም ትስቃለች። ግን አትመልሰውም። ሰዓዳ ባሕር ማዶ ናት። ቅቤው መካነ ሰላም ነው። እኔ መሃል ላይ ደረቅ ገንፎ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሦስት ዓመት።

ጁስ ቤቱ አልተከፈተም። ሰዓዳ በተመለሰች በአምስተኛው ወር ታመመች። ሁለት ሳምንት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። አልችልበትም። አላህ ይዘንላት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ መብላት ተወች።

መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ለቅሶ ቤት የመጣ ምግብ አይመለስም፤ አምጪው ባለበት ይቀመሳል፣ ካልተቀመሰ ሰውየው ይቀየማል። ይህን እናቴ ታውቃለች። ስለዚህ ሰው ሲመጣ ለሰው ብላ አንድ ጉርሻ ትቀበላለች። ትቀበልና ጉንጯ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሰውየው "አልሐምዱሊላህ፣ ቀመሰችልኝ" ብሎ ይወጣል። ትራሷን ሳነሳ በሶፍት የተጠቀለሉ ጉርሻዎች አገኘሁ። ብዙ ናቸው። መንደሩ ያመጣው ሁሉ እዚያ ነበር፣ በሥርዓት ተደርድሮ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ አየቻት። እኔን ደጅ ጠርታ፣ "እንዲህ ከቀጠለች በዚህ ሳምንት ደሴ ትወስዳታለህ" አለችኝ። "እስከዚያ ለስላሳ ነገር ሞክር። ገንቢ የሆነ።"

የደሴን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጤነኛ ተሳፍሮ በሽተኛ ሆኖ የሚወርድበት መንገድ ነው። በሽተኛ ተሳፍሮ ምን ሆኖ እንደሚወርድ ማሰብ አልፈለግሁም። እህቴንም በዚያው መንገድ ነው የወሰድናት።

ለስላሳ። ገንቢ። ብሌንደሩን አየሁት። ፎጣውን እንደ ለበሰ ተቀምጧል።

ሙዝና ማንጎ ገዛሁ። ላጥኩ፣ ቆራረጥኩ፣ እንዲቀዘቅዝ ደጅ አስቀመጥኩት። መካነ ሰላም ላይ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ገንዘብ የተረፈው ነው፤ ከተማዋ ራሷ ፍሪጅ ናት። ከዚያ ብሌንደሩን ሰካሁ። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩት።

መብራት ጠፋ።

የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ነው። ከታች ያለው ወፍጮ ቤት እያቃሰተ ቆመ። እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች ጫጫታ እስከ እኛ ተሰማ። አንድ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ብሌንደሩን በእጄ አየና፣ "አንተ ነህ እንዴ?" አለኝ። እንደዚያ ያለ ኃይል ቢኖረኝ ውጤት ባልመጣልኝ ቀን ነበር የማጠፋው።

ሙቀጫ አወጣሁ። ሙቀጫው ውስጥ ትናንት ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦበታል። አጠብኩት። አጠብኩት ማለቴ ውሃ አሳየሁት። ሙዙንና ማንጎውን ወቀጥኩ። አማረ፤ ወፈረ፣ ብጫ ሆነ። ሰማያዊ አበባ ባለበት ሳህን ላይ ገለበጥኩት። አሁን የቀረው ላዩ ነው።

የሚንኮሻኮሽ፤ የተቆላ ለውዝ አለኝ። የሚጣፍጥ፤ ሙዝ ቆርጫለሁ። ጉልበት የሚሰጥ…

እንጃ። ቆምኩ። ሰዓዳ ሕጉን ነገረችኝ እንጂ ሦስተኛውን አልነገረችኝም። ወይ ነግራኝ ይሆናል፤ እኔ ስትናገር ብሌንደሩን ነበር የማየው። ያኔ አጥር አጥሩን አየሁ። ዕድሜዬን የቀጨሁት እዚህ ላይ ነው።

"እትዬ ዘምዘም፣ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ምን አለ?"

"ለማን?"

"ለእማ። የሳህን ጁስ ላይ የሚደረግ።"

እትዬ ዘምዘም በእጃቸው የያዙትን ሰፌድ ጣሉት። "ከድጃ ልትበላ ነው?"

"ልሞክር ነው።"

"ተልባ ነዋ! ተልባ ያልገባበት ሆድ ምን ሆድ ነው?" ገብተው አንድ ጣሳ ሙሉ የተወቀጠ ተልባ ይዘው መጡ። አንድ ማንኪያ ይበቃል አልኳቸው። "የእናትህን ሆድ ነው የምትሰፍረው?" ብለው ራሳቸው ነሰነሱት። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል። የእሳቸው ተልባ አልተንጫጫም፤ እርጥብ ሲያገኝ ዝም ብሎ ተንጠባጠበ፣ በሳህኑ ጠርዝ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ተዉት። ሦስት ሆኗል። በዚያ ሰዓት ሳህኑን ይዤ ወደ እናቴ ብገባ ኖሮ ይህን ወግ አትሰሙም ነበር።

ግን እትዬ ዘምዘም ሲወጡ በሩን አልዘጉም። አፋቸውንም። "ከድጃ ልትበላ ነው፣ የሚደረግበት ነገር ይፈለጋል" የሚለው ወሬ ከመብራት ይልቅ በፍጥነት ሰፈሩን ዞረ። በነገራችን ላይ መብራቱ ገና አልመጣም።

መጀመሪያ የገቡት ሼህ ይማም ናቸው። እኔንም ሰዓዳንም ቁርኣን ያስቀሩን፣ ማንበብ ያስተማሩን፣ እሳቸው ናቸው። ሰዓዳ ቁርኣኑን ቶሎ ጨርሳ ኸተመች፤ እኔ ቶሎ ጅራፉን ለመድኩት። ተሰላምተው ተቀመጡና ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ተምር አወጡ። ሰባት ፍሬ።

"ሼሁ፣ ሦስተኛው ሞልቷል እኮ። ተልባ ገብቷል።"

"ተምር ወረፋ አይጠብቅም" አሉ።

ምን ይባላል? ያስቀራኝን ሰው? ተምሩ ገባ።

ከዚያ ጋሽ አስራት መጡ። ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ጡረታ የወጣው ደመወዛቸው ነው እንጂ ምክራቸው ሥራ ላይ ነው። "እግዜር ያጽናችሁ" አሉና ሳህኑን መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት።

"ቪታሚን ኤ የታለ?"

"ማንጎው ውስጥ ይኖራል ጋሼ።"

"ይኖራል አይባልም። ይረጋገጣል።" ካሮት አወጡ፣ እዚያው በቢላዋ ፋቁት። ካሮቱ ሲያልቅ ከሌላው ኪሳቸው ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወጣ።

"ጋሼ… ጁስ ላይ እንቁላል?"

"ፕሮቲን!"

"ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ አንቱ ጾም አይደሉም?" አሉ ሼህ ይማም ፈገግ ብለው።

"ጾሙ የእኔ ነው፤ ፕሮቲኑ የከድጃ ነው" አሉ ጋሽ አስራት። እንቁላሉን ልጠው፣ በአራት በአራት ከፍለው፣ ዙሪያውን እንደ ዘበኛ አቆሙት።

ሳህኑ በቃው። ሰማያዊው አበባ ከታየ ቆየ። ላዩን እንዳለ በትሪ ላይ አንስቼ፣ ታችኛውን ወደ ገበቴ ገልብጬ፣ የቀረውን ሙዝ ሁሉ ወቅጬ ጨመርኩ። ላዩን መለስኩት። የሚገርመው፣ ቦታ ሲሰፋ ሰው ቦታ ተገኘ ይላል እንጂ በቃ አይልም።

አጎቴ ሙሔ ከከላላ በበቅሎ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ማርና በሶ በአንድ ስልቻ ጭኖ፣ ሁለቱ መንገዱን ሙሉ ሲናጡ መጥተው፣ እዚያው ውስጥ ተጋብተዋል። ስልቻው ሲከፈት ከነሰፈፉ፣ ከነሁለት የሞቱ ንቦች፣ አንድ ትልቅ የተጣበቀ ጉብ ወጣ።

"ይሄ አንድ ነው ሁለት?" አልኩት።

"ሁለት ነው እንጂ! ማሩን በአንድ ቀን ነው የቆረጥኩት፣ በሶውን በሌላ ቀን ነው ያስፈጨሁት" አለ ተቆጥቶ። ጉቡን አንስቶ መሃሉ ላይ ተከለው። ንቦቹን ብቻ አንስቼ ልጥል ስል፣ "እሱም ደግሞ…" ብሎ የጋሽ አስራትን ፊት አየ። ጋሽ አስራት አሰቡበት። ወላሂ አሰቡበት። ከዚያ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደጅ የታሰረችው በቅሎ የሙዙን ልጣጭ አገኘች። ያን ቀን በቤታችን ሳትጠየቅ የበላች እሷ ብቻ ናት።

"ስንት ሆነ?" አሉ ሼህ ይማም።

ቆጠርኩ። ለውዝ፣ ሙዝ፣ ተልባ፣ ተምር፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ማር፣ በሶ። "ስምንት።"

"ስምንት ሙሉ ነው። ጎዶሎ ይሁን እንጂ፣ ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚወደደው።"

አንዱን ላንሳ አልኩ። አራቱም ሰዎች አዩኝ። አንዱን ማንሳት አንድ ሰው ማስቀየም ነው። የማንን ላንሳ? ወሬውን አድርሰው የተመለሱት እትዬ ዘምዘም ቀድሞውንም ተምሩ ተልባቸው ላይ መቀመጡን በክፉ ዓይን ሲያዩ ነበር። "አብሽሩ፣ እኔ እሞላዋለሁ" ብለው ሮጠው ሄዱ፤ በተቆላ ሱፍ እፍኛቸውን ሞልተው ተመለሱ። ዘጠኝ።

እንግዲህ ገበቴውን አየሁት። አምባ መቅደላን አከለ። ዙሪያው ገደል ነው፤ አናቱ ላይ የአጎቴ ጉብ ተቀምጧል፤ የእንቁላል ዘበኞች ቆመዋል፤ ከሥር ተልባ እየፈሰሰ ነው። የሰዓዳ ሦስት ነገር የቱ ጋ እንዳለ እኔም አላውቅም።

ተሸክሜ ወደ ውስጥ ገባሁ። አራቱም ተከተሉኝ። ሁሉም የየራሱን ነገር ስትቀምስ ለማየት ቦታ ቦታውን ያዘ።

"ከድጃ፣ በተልባው በኩል ጀምሪ፤ ያለሰልስልሻል።"

"በተምር ነው የሚጀመረው።"

"ፕሮቲኑ ሳይቀዘቅዝ!"

"እታለም፣ ማሩ የራሳችን ነው፣ የአባታችን ቀፎ ነው።"

እናቴ አልዞረችም። አንድ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። የማውቀው እጅ ነው። ጉርሻውን ስጡኝና ሂዱ የሚል እጅ ነው። ጉርሻው ወደ ጉንጭ ሊሄድ ነው፣ ከዚያ ወደ ሶፍት፣ ከዚያ እኔ ወደ ደሴ። በእጄ የያዝኩት ገበቴ ከበደኝ። መናገር ፈለግሁ። ስናገር ደግሞ የሚመጣልኝን ቃል አልመርጥም።

"እማ፣ ይሄ የሰዓዳ ነው።"

ከቀብሩ ወዲህ በዚያ ቤት ስሟን የጠራ ሰው አልነበረም። ሁላችንም "እሷ" ነበር የምንለው፣ ስሟን ከጠራን የሚሰበር ነገር ያለ ይመስል። እትዬ ዘምዘም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እናቴ ዞረች። ቀስ ብላ ነው። ተነስታ ተቀመጠች። ገበቴውን አየች፤ ጉቡን፣ ዘበኞቹን፣ ገደሉን። ብዙ ጊዜ አየችው።

"ይሄ?"

"አዎ እማ።"

"ሦስት ነው ያለችህ። በግድግዳው ስሰማ ነበር።"

ማንኪያ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና ላዩን መግፋት ጀመረች። የአጎቴ ጉብ ሄደ። እንቁላሉ ሄደ። ተምሩ፣ ካሮቱ፣ ሱፉ፣ ሁሉም ወደ ገበቴው ዳር ተገፋ። ጋሽ አስራት "ቪታ…" ብለው ተዉት። መሃሉ ላይ ብጫው ብቻ ቀረ።

"ላዩ የሰዓዳ ነው" አለች።

ከብጫው አንድ ማንኪያ አነሳች። አፏ ውስጥ አደረገችው። ሁላችንም የምናየው ጉንጯን ነው። ስለ ሶፍቱ የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እያወቀ ነበር ቀመሰችልኝ ብሎ የሚወጣው። ጉንጯን አየን። ጉሮሮዋን አየን።

ዋጠችው።

"ሙቀጫውን አላጠብከውም" አለችኝ።

"አጥቤዋለሁ እማ።"

"ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ነው የሚለው።" ሁለተኛ ማንኪያ አነሳች። ሦስተኛ። እትዬ ዘምዘም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልጠየቅኋቸውም። አጎቴ በቅሎዋን ላያት ብሎ ወጣ። በቅሎዋ ምንም አልሆነችም።

እናቴ ማንኪያውን አስቀመጠችና ገበቴውን ወደ እኔ ገፋችው። ዳር ላይ የተቆለለውን አሳየችኝ።

"ይሄን አንተ ብላላት።"

በላሁት። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን ሙሉ ላዩን ስመኝ ኖሬ፣ ይኸው ያለ ተቀናቃኝ ደረሰኝ፤ ዘጠኝ ዓይነት። እንቁላል በማር በላሁ። ተምር በተልባ በላሁ፤ አልተዋጠም፣ ተንሸራተተ። ሱፉ ጥርሴ ውስጥ ገባ። አራት ሰው እያየ ነው። መሃል ላይ ቆሜ ውሃ ጠየቅሁ፤ በሶው ነው አልኩ። በሶ ጉሮሮ ይዘጋል፤ የታወቀ ነው።

"ጣፈጠህ?" አሉ ሼህ ይማም በቀስታ።

"ላዩ ይሄ ከሆነ ሼሁ" አልኳቸው፣ "ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው የተጣላነው።"

እናቴ ሰማች። ፈገግ አላለችም። ግን ወደ ግድግዳውም አልዞረችም። "ነገ ሦስት ብቻ አድርግ" አለችኝ።

ሦስተኛው ምን ይሁን ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። እትዬ ዘምዘም ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ አየሁ። ዘጋሁት።

ሰማያዊ አበባ ያለበትን ሳህን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሳህኑን አጠብኩ። ሙቀጫውንም አጠብኩ፤ ዛሬ በሳሙና።